ስለ ድንጋይ ንብብር ስም አወጣጥና ስለ ጥቅሙ

አንድ ሹም የግዛቱን ሕዝብ በስሙና በትውልዱ ሳያውቅ በደኅና ሊያስተዳድር እንደማይችል ሁሉ፥ የምድሩንም ድንጋይ በስሙና በተራው ሳይለይ ግድብ ቢያሠራ ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ለዚህም በመቀሌ ዙሪያ ያለው አገር ምሳሌ ይሆናል።

ይህ አገር በጥንት ዘመን ደለል የተጠራቀመበት ረባዳ ነበረና፥ በገደሉ ላይ ድንጋዩ ተነባብሮ ይታያል። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣው የምድር ሊቅ ብላንፎርድ ንብብሩን መርምሮ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፥ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ብሎ ስም አወጣ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንትም የአጉላንና የአምባ አራዶምን ጨመሩ። የስሙ ሥርዓት ድንጋዩ ጎልቶ የሚታይበትን ቦታ አስቀድሞ፥ የድንጋዩን ዓይነት ማስከተል ነው።

ከአራቱ በታች ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ መልኩ ቀላ ያለ ሲሆን፥ የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በእርሱ ነው። በላዩ ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ግን ባሕር አገሩን በሸፈነበት ዘመን የተጠራቀመ ስለ ሆነ ዛጎል ይገኝበታል፤ ውፍረቱም እስከ 700 ሜትር ይደርሳል። ሦስተኛው፥ የአጉላ የተባለው፥ ቅጠል ቅጠል እየሆነ የሚፈረፈር ሸክላማ ድንጋይ ነው፤ በመካከሉም ስስ ኖራ ድንጋይና ጀሶ ይገባበታል። በላዩ የአምባ አራዶም አሸዋ ድንጋይ ተቀምጧል።

ነገር ግን ስም ብቻውን አይበቃም። የድንጋዩ ቀለም፥ የቅንጣቱ ልክ፥ ውፍረቱ፥ ከበታቹና ከበላዩ ያለው፥ ድንበሩም አብሮ ሊጻፍ ይገባል። አለዚያ አንዱ «ነጭ ድንጋይ» ብሎ የጻፈውን፥ ሌላው ኖራ ይሁን ጀሶ ሊለየው አይችልም፤ ጀሶ ደግሞ በውሃ የሚሟሟ ነው።

ይህም ከንቱ ምርምር አይደለም። ከ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ በትግራይ ለመስኖ ብዙ ትንንሽ ግድቦች ተሠርተው ነበር። ከእነዚህም አያሌዎቹ ውሃቸው በኖራው ድንጋይ ስንጥቅና በንብብሩ መካከል እየሾለከ ጎደለባቸው። በአንዳንድ ስፍራ የሾለከው ውሃ ከግድቡ በታች ምንጭ ሆኖ ስለ ወጣ፥ አራሾች እርሻቸውን አጠጡበት፤ ንብብሩን ያወቀ ግን ውሃው የት እንደሚሰርግና የት እንደሚወጣ አስቀድሞ ሊገምት ይችላል።

ስለዚህ ግድብ የሚያሠራ ሹም መሠረት ከመጣሉ በፊት፥ ይህ ድንጋይ ማን ይባላል፥ ከሥሩስ ማን አለ ብሎ አዋቂ ይጠይቅ።