እግረኛው ስንት ሰከንድ ይጠብቅ?

እግረኛ በተገጨ ቁጥር «ዘሎ ገባ» ይባላል። ሥራዬ የትራፊክ ስሌት ነውና ይህን ስሰማ ያንገበግበኛል። ከመግባቱ በፊት ምን ያህል ጊዜ ቆሞ እንደጠበቀ የሚጠይቅ የለማ!

ጥበቃው ይሰላል። 7 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በ6 ሰከንድ ገደማ ይሻገረዋል። ግራ ቀኙን አይቶ ለመነሳት 3 ሰከንድ ስንጨምርለት በመኪኖች መካከል የሚያስፈልገው ክፍተት 9 ሰከንድ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በዚያ ጊዜ 125 ሜትር ይጓዛል። እግረኛው ይህን ሁሉ ርቀት በዓይኑ መገመት አለበት፤ ማታም፣ ዝናብ ላይም።

አዳምስ የተባለ ተመራማሪ በ1936 እ.ኤ.አ. መኪኖች በዘፈቀደ ሲመጡ እግረኛ በአማካይ ምን ያህል እንደሚቆም የሚያሰላ ቀመር አሳትሟል። በሁለቱም አቅጣጫ በድምሩ በሰዓት 1,800 መኪና የሚያልፍበትን መንገድ አስገብቼ ሳሰላው፣ ማንም ሹፌር ካልቆመለት ጥበቃው ወደ 3 ደቂቃ ይጠጋል። 3 ደቂቃ ሙሉ ማን ይቆማል? ሰው በጠበቀ ቁጥር ጠበብ ያለውንም ክፍተት ይደፍራል። ስለዚህ የዛሬዎቹ ሞዴሎች ትዕግሥት ማለቁን፣ ሰው ሲሰበሰብ ድፍረት መጨመሩን፣ የሹፌሩንም ፍጥነት መቀነስ ያስገባሉ።

ሜክሲኮ አካባቢ ዜብራ ላይ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። አንዲት እናት አጠገባቸው የቆመውን ወጣት «ልጄ፣ እስቲ አሻግረኝ» አሉት። ሚኒባሱ ቆመላቸው፤ ግን አፍንጫው ዜብራውን ነክቶ ስለነበር ከጎኑ በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣውን መኪና ጋረደባቸው። ወጣቱ ክንዳቸውን ይዞ መለሳቸው። መኪናው ፍሬን እንኳ ሳይነካ አለፈ። ሚኒባሱ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ቀርቶ ቢቆም ኖሮ ተሻጋሪዎቹና የዚያ መኪና ሹፌር ይተያዩ ነበር።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በዚያው ባሰላሁት መንገድ መሐል ላይ ሰው የሚቆምበት ከፍ ያለ ደሴት ሲሠራ፣ እግረኛው አንዱን አቅጣጫ ብቻ አይቶ ግማሹን ይሻገራል። የሚያስፈልገው ክፍተት ወደ 6 ሰከንድ ይወርዳል፤ የሁለቱም ግማሽ ጥበቃ ተደምሮ 16 ሰከንድ ገደማ ነው። መኪናው ያው፣ ሰውም ያው!

መንገድ የምትነድፉ ባልደረቦቼ፣ ዜብራ ቀብታችሁ ብቻ አትሂዱ፤ መሐሉ ላይ ማረፊያ ሥሩለት። ሹፌሮችም ስትቆሙ ከዜብራው ራቅ ብላችሁ ቁሙ።