በላይፕዚግ ከተማ የውጭ አገር ተማሪ የመጀመሪያ ወራት

ላይፕዚግ በምሥራቃዊው የጀርመን ክፍል የምትገኝ፣ ዩኒቨርሲቲዋም እ.ኤ.አ. በ1409 የተቋቋመ ከተማ ናት። ለኢትዮጵያውያን ስሟ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ተመሥርቶ በኋላ የሄርደር ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ከልዩ ልዩ አገሮች ለሚመጡ ወጣቶች ጀርመንኛ ያስተምር በነበረበት ዘመን፣ ከአገራችን የተላኩ ተማሪዎችም በዚያ አልፈዋል።

በዚያን ጊዜ ተማሪውን የሚልከውም የሚቀበለውም መንግሥት ነበር። ማደሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ወርኃዊ አበሉ ተቆርጦለታል፤ በዩኒቨርሲቲውም በአንድ የጥናት ቡድን ተመድቦ የሰዓት ሠሌዳው ተሞልቶ ይሰጠዋል። ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ከተዋሐዱ ወዲህ ግን ይህ ሥርዓት የለም። ዛሬ በራሱ ወጪ ወደዚያች ከተማ የሚሄድ ወጣት ቀድሞ ሌሎች ይፈጽሙለት የነበረውን ሁሉ ራሱ ያከናውናል። ስለ ባሕር ማዶ ኑሮ ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው ብርዱና ምግቡ ነው። ብርዱን ካፖርት ይመክተዋል፤ ምግቡም በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ፣ በእነሱ አጠራር በሜንዛ፣ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ተማሪውን የሚያሰናክለው በአመዛኙ ሌላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ገና ከአገር ሳይወጣ ነው። የነፃ ትምህርት ዕድል ወይም ሌላ ዋስትና የሌለው ተማሪ ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መተዳደሪያ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ልኩ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 11,904 ዩሮ ተብሎ የተወሰነ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በየወሩ የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ነው። የጤና መድን ከሌለው ዩኒቨርሲቲው አይመዘግበውም። መኖሪያ በያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ በከተማው የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ለዚህም ቤቱን ያከራየው ወገን የፈረመበት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ስለዚህ ማደሪያ ሳያገኝ የሚሄድ ተማሪ አንዱ ወረቀት ሌላውን እየጠበቀ ይጉላላል።

እዚህ ላይ የእኛም ትምህርት ቤቶች ድርሻ አለ። በጀርመን ቅጾች ላይ የቤተሰብ ስም የሚሞላበት ቦታ አለ። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ የአባት ወይም የአያት ስም በዚያ ይገባል። በትምህርት ማስረጃው ላይ በአንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ሲቀርብ፣ ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት የተማሪው ዕዳ ይሆናል። የልደት ዘመኑ ወደ እነሱ አቆጣጠር ሳይለወጥ የተጻፈ እንደሆነም እንዲሁ ነው። ማስረጃ የሚያዘጋጅ ርእሰ መምህር ፓስፖርቱን አስቀርቦ ቢመለከት ብዙ ድካም ያስቀራል።

የሰዓቱም ጉዳይ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። የስድስት ሰዓቱን የአቆጣጠር ልዩነት ማንም ቶሎ ይለምደዋል። የሚያታልለው ግን ጀርመኖች «ግማሽ ዘጠኝ» ሲሉ ስምንት ሰዓት ተኩል ማለታቸው ነው፤ ዘጠኝ ተኩል የመሰለው እንግዳ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። በአንጻሩ በዩኒቨርሲቲው የሰዓት ሠሌዳ ላይ «ሴ ቴ» የሚል ምልክት ካለ ትምህርቱ ከተጻፈው ሰዓት 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምራል። ሰዓት አክባሪ በሚባል ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ያለ ልማድ መገኘቱ ያስገርማል።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃው በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለማያስገባው ተማሪ ሽቱዲየንኮሌግ የተባለ የዝግጅት ትምህርት ቤት አለ፤ በላይፕዚግም ይገኛል። የመግቢያ ፈተና አለው፤ ትምህርቱ በተለምዶ ሁለት መንፈቀ ዓመት ይፈጃል፤ የማጠቃለያውን ፈተና የወደቀም ሊደግም የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይሁንና በዚህ ዓመት መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል። ከባዱ ለውጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በአብዛኛው ስም አይጠራም፤ የቀረውንም የሚፈልግ የለም። ለፈተና እንኳ ተማሪው ራሱ በተወሰነው ጊዜ መመዝገብ አለበት፤ መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ተከታትሎ የምዝገባውን ቀን ያሳለፈ አይፈተንም። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን፣ ከእኛ ግምት በተቃራኒ 1 ከሁሉ የበለጠው፣ 5 ደግሞ መውደቂያው ነው። አንድን የግዴታ ፈተና የተፈቀደለትን ያህል ደጋግሞ የወደቀ ተማሪ በዚያው የትምህርት ዘርፍ በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም መቀጠል በአጠቃላይ አይፈቀድለትም። የመኖሪያ ፈቃዱ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አደጋው የውጤት ብቻ አይደለም።

በእኛ ክፍሎች መምህሩ ማስታወሻ ያጽፋል፣ ቀኑን ደጋግሞ ያሳስባል፤ የተማሪው ዝምታም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። በዚያ ግን ያልገባውን በመምህሩ የቢሮ ሰዓት ሄዶ ያልጠየቀ፣ እንደ ገባው ተቆጥሮ ይታለፋል። በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ተማሪው ርእሱን ራሱ መርጦ በስድስት ሳምንት የሚያቀርበው ጽሑፍ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቢታዘዝ፣ የማስረከቢያውም ቀን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነገርና መምህሩ ዳግመኛ ባያሳስብ፣ ይህ ሥራ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።