ስንቅ የሚያደርስ መኪና ፍለጋ ምክር ቤት ገባሁ

ታላቋ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የቅዳሜ ማታ እንቅልፍ ከቤቴ ጠፋ። የሳምንቱን እንጀራ የምጋግረው ያን ማታ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንጀራውን በፌስታል፣ ሽሮውንና በሶውን በየቋጠሮው አድርጌ ማዳበሪያ ውስጥ እከትላታለሁ። እሷም ማዳበሪያውን አዝላ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ነፋስ መውጫ ትነሣለች። አራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከተማ ውስጥ ለሦስት በተከራዩት አንድ ክፍል እስከ ዓርብ ትቆያለች፤ ዓርብ ከሰዓት ባዶ ማዳበሪያዋን ይዛ ትመለሳለች።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ልጁን ወረዳ ከተማ ልኮ ያስተማረ ወላጅ ይህን ኑሮ ያውቀዋል። ከነፋስ መውጫ ሌላ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ከገጠር መጥቶ የተማረ ሁሉ ትከሻው ላይ የስንቅ ገመድ ትዝታ አለው።

በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ አንድ እሑድ ወንዙ ሞላ። ልጆቹ ሲሻገሩ የእኔዋ ተንሸራተተች። ጓደኞቿ ክንዷን ይዘው አወጧት፤ ስንቁን ግን ውኃው ወሰደው። ማታ ተመልሳ ደጃፍ ስትቆም መጀመሪያ ያለችኝ «እማዬ፣ እንጀራው ሄደ» ነው። ሰኞ ፈተና ነበረባት፤ አመለጣት።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ነገሩን ሲሰሙ ብዙ አልተናገሩም። «ይብቃት። ወንዝ ከሚበላት ጎጆ ትውጣ» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ለልጅ ልጃቸው ፈርተው ነው። ደግሞም መንገድ ላይ የሚጠብቀው ወንዝ ብቻ አልነበረም፤ ጎረምሳም አለ። በእኛ አገር ብዙ ሴት ልጅ ከትምህርት የቀረችው ሰንፋ ሳይሆን መንገዱ ረዝሞባት ነው።

ለወንበሩ

እኔ የቀበሌያችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበርኩ። በተከታዩ ዓመት፣ በሚያዝያ 2000፣ የአካባቢ ምርጫ ተደረገ። በዚያ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እስከ 300 ከፍ ብሎ ነበር፤ በመላ አገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ወንበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ወንበር የሚሞላ ሰው፣ በተለይም ሴት፣ በየቀበሌው ይፈለግ ስለነበር የእኔም ስም ተነሣ። ብርቱ ፉክክር ነበር ብዬ አንባቢን አላታልልም። ከጥቂቶች በቀር ወንበሮቹ በሙሉ የገዢው ድርጅትና የአጋሮቹ እንደሆኑ ይታወቃል። ለእኛ ፉክክሩ የመጣው ወንበሩ ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው።

ባለቤቴ «አንቺ ስብሰባ ስትውዪ ልጆቹን ማን ያያል?» አለኝ። «የሚያስኬዱኝ እነሱ ናቸው» አልኩት። ሌላ ክርክር አልነበረንም። በስብሰባ ቀን ላሞቹን ሲያልብና ታናሿን ሲያጥብ ጎረቤት እየሳቀበት፣ ለአምስት ዓመት ችሎታል።

ዕጩዎች ለሕዝቡ በምንተዋወቅበት ቀን ተነሥቼ «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቻችንን ከተማ የሚያደርስ መንገድና መኪና» ብዬ ተቀመጥኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «መንገድማ ቴዎድሮስም ሠርተዋል፤ እኛ አልተሳፈርንበትም እንጂ» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሽማግሌው ታሪክ አልሳቱም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀረፁትን ሴባስቶፖል የተባለ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ወደ መቅደላ ያጓዙት በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። በመቶ የሚቆጠር ሰው መድፉን ሲጎትት ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ይጠርጉ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ደግሞ እኛ የቻይና መንገድ የምንለው ነው። ጃንሆይ በ1964 ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ብድር የተሠራ፣ በደርግ ጊዜ የተጠናቀቀ፣ ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ከዚያ ዋና መንገድ ወዲያና ወዲህ የምንኖረው ግን የመኪና ጡሩምባ እየሰማን በእግራችን እንሄድ ነበር። የታመመ ሰው በቃሬዛ፣ ድንች በአህያ፣ ስንቅ በልጅ ጀርባ።

በአማቴ ማሳ ላይ

የቀበሌ ምክር ቤት ገንዘብ የለውም። ያለው ጉልበትና አፍ ነው። ጉልበቱ የመጣው ከሴፍቲኔት ነበር። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር የእኛ አካባቢ ገብቶበታል፤ ዕርዳታውን የሚያገኝ ቤተሰብ በወር በነፍስ ወከፍ አምስት ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል። በዚያ ጉልበት እርከንም ይሠራል፣ ምንጭም ይጎለብታል፣ መንገድም ይጠረጋል። የእኛ ድርሻ በየዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ «መንገዱ ይቅደም» ማለት ነበር። በሁለት በጋ ጠባብ መንገድ ወጣ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግን ግማሹ ይሄዳል።

በ2003 ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ሲጀመር ዓላማው ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። እኛ መንገዱን ጀምረን ስለጠበቅን ስማችን ለመጠራት ቶሎ ደረሰ። ቀያሾች መጡና መንገዱ የሚያልፍበትን በችካል ምልክት አደረጉ። ችካሉ በአማቴ የገብስ ማሳ መካከል አለፈ።

ሌላ አማራጭ አልጠፋም ነበር፤ በተረተሩ ላይ ዞሮ የሚሄድ። እሱ ግን ይረዝማል፣ ሁለት ተጨማሪ ቱቦም ይፈልጋል። ለማኅበረሰብ መንገድ ካሳ የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ አልታሰበም፤ የነካው ሰው እንደ መዋጮ ነው የሚቆጠረው። ምክር ቤቱ ፊት ጉዳዩ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ወደኔ አየ። ዝም ብል «ለዘመዷ አደላች» ይባላል፤ ብናገር ቤቴ ይፈርሳል። እጅ ሲወጣ እጄን አወጣሁ። ከዚያ በፊት ግን መሬት ለሚነካባቸው አምስት አባወራዎች ከወል መሬት ምትክ እንዲሰጣቸው አሳብ አቅርቤ አልፎልኛል። ምትኩ እንደ ገብሱ ማሳ የለማ አልነበረም። እሱን አልክድም።

ማታውኑ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። «አባባ፣ እጄን አውጥቻለሁ» አልኳቸው። እሳቱን እየቆሰቆሱ ቆዩና «ደግ አደረግሽ ልልሽ አልችልም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ቤታችን እህል አልቀመሱም። ፋሲካ ሲመጣ ልጆቹን እልካለሁ፤ ልጆቹን ይስማሉ፣ የላክሁትን ይመልሳሉ።

ምክር ቤት ለመግባት የምታስቡ ወላጆች ይህን ቀድማችሁ እወቁት። የሕዝብ ሥራ የሚያጣላው ከሩቅ ሰው ጋር አይደለም። መጀመሪያ የሚጎዳው ማሳ የጎረቤት፣ የአጎት፣ የአማት ነው። ሳይናገሩ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ቀድሜ ሄጄ በመንገሬ አልተጸጸትኩም። ቂሙ በሐሜት አልታጀለም።

መንገድ መጣ፣ መኪና ቀረ

አዲስ አበባ ላላችሁ የትራንስፖርት ፕሮጀክት ሲባል የሚታያችሁ በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይሆናል። እኛ የተሟገትነው ለአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲመጣልን።

ጠጠር መንገዱ ካለቀ በኋላ ወራት አለፉ። ለገበያ ቀን ባሕር ዛፍ የሚጭን አይሱዙ ይመጣል፤ ሰው ከግንዱ በላይ ተቀምጦ ይሄዳል። አንዲት እርጉዝ ሴት እዚያ ላይ ስትወጣ ያየሁ ቀን፣ መንገድና ትራንስፖርት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገባኝ። በሚያዝያ 2005 እንደገና የተወዳደርኩት ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ «አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?» ሲል «መኪናው» አልኩት።

ሾፌሮቹ ለምን አይመጡም ብለን ጠየቅናቸው። መልሳቸው ግልጽ ነበር፦ ስንሄድ ሞልተን ስንመለስ ባዶ፤ ታሪፉ በኪሎ ሜትር ነው፣ ጎማው ግን በድንጋይ ያልቃል፤ ስንት ሰው እንደምናገኝም አናውቅም። እውነታቸውን ነው። እንግዲያው ስንት ሰው እንዳለ እናሳያቸው ብለን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን በገበያ ቀንና በእሑድ ወንዙ መሻገሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወደ ከተማ የሚሄደውን፣ የሚመለሰውን፣ ጭነት ያለውን፣ የታመመውን እየለዩ መዘገቡ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ደብተር ሞላ።

ያንን ደብተር ይዘን፣ እኔና ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱና ወደ ባለመኪኖቹ ማኅበር ተመላለስን። ስንት ጊዜ እንደሄድን ቆጥሬ አልጨረስኩም፤ ኃላፊው ስብሰባ ነው ተብለን የተመለስንበት ቀን ይበዛል። በመጨረሻ ተስማማን። በገበያ ቀንና በእሑድ ከሰዓት አንድ ቅጥቅጥ ስምሪት ይሰጠዋል። ቀበሌው በበኩሉ ቦዩን ይጠርጋል፣ የተናደውን ይሞላል። የፊት ወንበር ለእርጉዝና ለታመመ ይለቀቃል።

የመጀመሪያው እሑድ መኪናው ሲመጣ ታላቋ ልጄ አልተሳፈረችበትም። እሷ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች ቆይታለች፤ ዓመታቱን ሁሉ በእግሯ ነው የፈጸመችው። የተሳፈረችው በዚያ ዓመት ዘጠነኛ የገባችው ታናሿ ናት። ለአንዷ የጀመርኩት ለሌላዋ ደረሰ። ከታናሿ ጋር የተሳፈሩት የጎረቤት ልጆች ደግሞ እናቶቻቸው ስለ ደብተሩ የሚያውቁት ነገር የለም። ማወቅም አይጠበቅባቸውም።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም መጣ። መኪናው በተለመደ በጥቂት ወር ውስጥ ስንቁ ብቻውን መሄድ ጀመረ። ማዳበሪያው ላይ ስም ተጽፎ ለረዳቱ ይሰጣል፤ ልጅቷ መናኸሪያ ወጥታ ትቀበላለች። ታናሿም «ጥናት አለብኝ» እያለች በሁለት፣ በሦስት ሳምንት አንዴ ብቻ መምጣት ያዘች። ታላቋን በየዓርቡ አያት ነበር፤ ታናሿን ናፈቅሁ። መኪና እንዲመጣ የለመንኩት እኔ ነኝና ለማን አቤት ልበል?

ከዚያ ወዲህ

አማቴ በዚያ መኪና አንድ ቀን አልተሳፈሩም። ከተማ ሲሄዱ ከመንገዱ ዳር ዳር በእግራቸው፣ በትራቸውን ይዘው ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ከቀድሞ ማሳቸው ግርጌ ያለውን ቦይ ማንም ሳያዛቸው በአካፋ ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አገኘኋቸውና ቆምኩ። «ውኃው መንገዱን ከበላ የኔ ማሳ በከንቱ ሄደ ማለት ነው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ቤታችን መጥተው ቡና ጠጡ።

እሳቸው የተናገሩት ከስብሰባ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል። ከሞጣ በታች ዓባይ ላይ ጎጃምን ከእኛ በጌምድር የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይ አስቡት። በጣሊያን ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ሰው ለዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ1994 ተጠገነ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላ ላይ ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተከለ። የተሠራ ነገር ሁሉ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። የእኛም ቅጥቅጥ ክረምት ሲከብድ ይቀራል፤ ሰላም ሲደፈርስም መጀመሪያ የሚቆመው መኪና ነው። ያኔ ልጆች እንደገና ማዳበሪያ ያዝላሉ።

የቀበሌ ምርጫ በክልላችን ከ2005 ወዲህ አልተደረገም። በ2010 ይደረጋል የተባለው ተራዘመ፤ ቀጥሎም እንደገና ተራዘመ። በሰኔ 2013 የመረጥነው ለተወካዮችና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ነው። የመንገድ ቦይ፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ፣ የመኪና ስምሪት የሚነሣበት ወንበር ግን የቀበሌው ነው። የእኔ ወንበር ላይ አሁን ወጣት እንዲቀመጥበት እመኛለሁ።

ታላቋ ልጄ ዛሬ ራሷ መምህርት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። በቅርቡ «ምርጫው ሲመጣ ብወዳደር ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። ልጆቿን ማን እንደሚይዝላት ማሰቧ እንደሆነ ገብቶኛል። «ልጆቹን ለእኔ ተያቸው» አልኳት። «ብቻ ደብተር ይዘሽ ግቢ። ደግሞ የሚነካው የዘመድ ማሳ ከሆነ፣ ማታውኑ ሄደሽ ራስሽ ንገሪ።»