የሊግ ቡድን የሌላቸው የአየርላንድ ከተሞች አዲስ ክለብ እንዴት ያቆማሉ?

የአየርላንድ ሪፐብሊክ በስፋቷ የእስራኤልን ሦስት እጥፍ ያህል ናት። ሕዝቧ ግን ከአምስት ሚሊዮን ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህች አገር ከ1921 ጀምሮ የእግር ኳስ ሊግ አለ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሊጉ ሁለት እርከን አለው፤ የላይኛው ፕሪምየር ዲቪዚዮን፣ የታችኛው አንደኛ ዲቪዚዮን ይባላል፤ በእያንዳንዳቸው አሥር ክለቦች ይጫወታሉ። ከሃያዎቹ የተወሰኑትን ዋና ከተማዋ ደብሊን ይዛለች። እንደ ኪልኬኒ፣ ካርሎ፣ ማሊንጋር፣ ናቫን፣ ኤኒስና ካስልባር ያሉ ከተሞች ግን በሊጉ ውስጥ ቡድን የላቸውም።

ይህ ለምን ያሳስባል ቢባል፣ ነገሩ የልጆች ጉዳይ ነው። ለብዙ ዘመን ጎበዝ የሆነ የአየርላንድ ልጅ በአሥራ አምስት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ ክለብ ይሄድ ነበር። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ አዲሱ ደንብ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ግን፣ የእንግሊዝ ክለቦች ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ የውጭ ተጫዋች ማስፈረም ተከለከሉ። ስለዚህ ልጁ እስከ 18 ዓመቱ እዚያው አገሩ ውስጥ መሠልጠን አለበት። በቅርቡ ክለብ ከሌለስ? ወላጅ በሳምንት ብዙ ጊዜ ረጅም መንገድ እየነዳ ይወስደዋል፣ ወይም ልጁ ይተወዋል።

ሼመስ ኮልማን የተባለው ተጫዋች ከኪሊቤግስ፣ ከዓሣ አጥማጆች ከተማ የወጣ ነው። እዚያ የሊግ ክለብ ስላልነበረ ወደ ስላይጎ ሄዶ ለስላይጎ ሮቨርስ ተጫወተ። በ2009 የእንግሊዙ ኤቨርተን በ60,000 ፓውንድ ወሰደው፤ ለዚያ ክለብ ከ400 በላይ ጨዋታ ተጫወተ፣ የአገሩም ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆነ። ስላይጎ መኪና ተነድቶ የሚደረስባት ባትሆን ኖሮ ይህን ሰው ማን ያውቀው ነበር?

አዲስ ክለብ ማቋቋም ግን በአየርላንድ ቀላል አይደለም። አንደኛው ምክንያት የአገሩ የራሱ ጨዋታ ነው። ከ1884 ጀምሮ የቆመ የአየርላንድ ባህላዊ ስፖርቶች ማኅበር አለ። እጅም እግርም የሚነካበትን ጌሊክ እግር ኳስና ኸርሊንግ የሚባለውን ጨዋታ የሚመራው እሱ ነው። ኸርሊንግ በዱላ የሚጫወት ስለሆነ፣ በአገር ቤት የገናን ጨዋታ ያየ ሰው በሩቁ ይመሳሰልበታል። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ሁሉም ለተወለደበት ደብር ነው የሚጫወተው። ጥሩው ሜዳ፣ በነፃ የሚያገለግለው ሰው፣ የአካባቢው ፍቅር ሁሉ ቀድሞ እዚያ ገብቷል። ማኅበሩ እስከ 1971 ድረስ አባላቱ እግር ኳስን የመሰለ «የባዕድ ጨዋታ» እንዳይጫወቱ ይከለክል ነበር። ክልከላው ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ልማዱ ግን ቶሎ አይለቅም። በዚያ ላይ እግር ኳስ የሚወደው ሕዝብ ራሱ ልቡ ከማንቸስተር፣ ከሊቨርፑልና ከግላስጎው ክለቦች ጋር ነው፤ ቅዳሜ ቲቪ ፊት ይቀመጣል፣ ገንዘብ ያለውም በአውሮፕላን ይሄዳል።

የሞከሩ ከተሞች የሉም ማለት ግን አይደለም። የኪልኬኒ ቡድን በ1985 ሊጉን ተቀላቅሎ በ2008 መጀመሪያ ላይ ለቀቀ፤ ኪልኬኒ በኸርሊንግ የታወቀች ከተማ ናት። በኒውብሪጅ ከተማ የተመሠረተው ኪልዴር ካውንቲ ከ2002 እስከ 2009 ብቻ ቆየ። ሞናሃን ዩናይትድ ደግሞ ብሶ፣ ወደ ፕሪምየር ዲቪዚዮን ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሰኔ 2012 ውድድሩ መሐል ላይ አቋርጦ ወጣ።

ከሁሉም የሚያስተምረው የስፖርቲንግ ፊንጋል ታሪክ ነው። ፊንጋል ከደብሊን ሰሜን ያለ፣ ሕዝቡ በፍጥነት የበዛ አካባቢ ነው። ክለቡ በ2007 ተመሥርቶ በ2008 ሊጉን ገባ። የአካባቢው ምክር ቤት ደገፈው፣ የቤትና የመሬት ባለሀብትም ገንዘብ አፈሰሰ። በሁለተኛው ዓመት የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2010 በአውሮፓ ውድድር ከፖርቱጋል ክለብ ጋር ተጫወተ። እንዲህ ያለ ፈጣን ዕድገት በዚያ አገር ብዙ ጊዜ አልታየም። ነገር ግን የግንባታው ገበያ ወድቆ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲናጋ ገንዘቡ ደረቀ፤ በየካቲት 2011 ክለቡ ፈረሰ። የራሱ ሜዳ አልነበረውም፤ የሚጫወተው በአትሌቲክስ ስታዲየም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የቀረው አንድ ዋንጫና ትዝታ ነው።

በአንድ ሰው ኪስ የቆመ ክለብ ሁሉ ይፈርሳል ማለትም አይቻልም። ዌክስፎርድ ውስጥ ሚክ ዋላስ የተባለ የሕንፃ ተቋራጭ፣ በኋላም የፓርላማ አባል የሆነ ሰው፣ በ2007 ዌክስፎርድ ዩዝስን ወደ ሊጉ አስገባ። እሱ ገንዘቡን በተጫዋች ግዢ ላይ አላጠፋም። ሜዳ ሠራ፣ የአካባቢውን ወጣቶች አሰለፈ። የዋላስ ሥራ በቀውሱ ሲመታ ሜዳውና ልጆቹ ግን አልጠፉም። ወንዶቹ ዛሬም በአንደኛ ዲቪዚዮን ይጫወታሉ፤ የሴቶቹ ቡድን ደግሞ የአገሪቱን ሊግ ደጋግሞ አሸንፏል።

ትራሊ የኬሪ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። ኬሪ በጌሊክ እግር ኳስ ማንም የማይደርስበት አካባቢ ስለሆነ፣ እዚያ የሊግ ክለብ ይቆማል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ሰው ነበር። የትራሊ ልጅ ለመጫወት ወደ ሊመሪክ ወይም ወደ ኮርክ መሄድ ነበረበት፤ አንዱም ቢሆን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በኬሪ ሥራው የተጀመረው ከታች ነው። የአካባቢው አማተር ሊግ ማውንትሆክ ፓርክ የሚባል የራሱ ሜዳ ነበረው። የታዳጊ ቡድኖች በአገር አቀፍ ውድድር ለዓመታት ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ነው የአዋቂዎቹ ቡድን ፈቃድ ጠይቆ በ2023 አንደኛ ዲቪዚዮን የገባው።

ፈቃዱ ቀልድ አይደለም። የአየርላንድ እግር ኳስ ማኅበር ለሊጉ የሚያመለክት ክለብ የሚመረመረው በሜዳው፣ በምሽት መብራቱ (ጨዋታው በአብዛኛው ዓርብ ማታ ነው)፣ በሒሳቡ፣ በአሠልጣኞቹ የምስክር ወረቀትና በታዳጊ ቡድኖቹ ነው። ኬሪ አብዛኛውን አስቀድሞ ይዞ ነው የቀረበው።

በመጀመሪያው ዓመት ኬሪ ኤፍሲ መጨረሻ ወጣ። ከአንደኛ ዲቪዚዮን በታች መውረጃ ስለሌለ ግን በሚቀጥለው ዓመት ያው ቡድን ያው ሜዳ ላይ ተገኘ። ሕዝቡም የገዛ ጎረቤቱን ልጅ ሊያይ ይመጣል፤ ይህ ከሩቅ በተገዛ ተጫዋች የሚገኝ አይደለም።

ለሌሎቹ ከተሞች ትልቁ ችግር ከአማተር ሊግ በቀጥታ ወደ አገር አቀፍ ሊግ መዝለሉ ነው፤ ጉዞው፣ ደመወዙ፣ ኢንሹራንሱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከ2008 እስከ 2011 በመሐል የሚያገለግል ኤ ቻምፒዮንሺፕ የሚባል ውድድር ነበር። የትራሊ፣ የካስልባርና የካርሎ ቡድኖች ተጫውተውበታል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ቀረ። አሁን የእግር ኳስ ማኅበሩ ሦስተኛ እርከን ለመጨመር አቅዷል። የካስልባር ወይም የኪልኬኒ ሰዎች ያንን ደረጃ ካገኙ፣ ትራሊ እንዳደረገችው በታዳጊዎቻቸው ጀምረው ሜዳቸውን እያደራጁ ቀስ ብለው ሊወጡበት ይችላሉ። የአካባቢው አማተር ክለቦች ምርጥ ልጆቻችንን ይወስዱብናል ብለው መስጋታቸው አይቀርም፤ ኬሪ ውስጥ ግን ለአዲሱ ክለብ ሜዳ የሆነው የአማተሩ ሊግ ማውንትሆክ ፓርክ ነው።