የወተት ጥርስ ሥር በምን ይሞላል?

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን ልጅ ጠባቂዎች ነን። እዚህ ባዲዓ የማሳድገው የ6 ዓመት ልጅ የመንጋጋ ጥርሱ እስከ ሥሩ ታክሟል። «ለሚወልቅ ጥርስ ይህ ሁሉ ለምን?» ትሉ ይሆናል። የወተት መንጋጋ የሚወልቀው በ10 ዓመት ገደማ ነው፤ እስከዚያ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል።

ሐኪሙ የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን በመድኃኒት ይሞላዋል። ለአዋቂ የሚሞላው ሰውነት የማያጠፋው ነው። የልጅ ግን ከሥሩ ጋር አብሮ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ የአዲሱን ጥርስ መንገድ ያስታል።

አንዱ መድኃኒት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ውሃ የነካው ኖራ ማለት ነው። እርጥበት ሲያገኝ አዮን የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን ይለቃል፤ በእነሱ ምክንያት ሥሩ ለጀርም አይመችም። ነገር ግን እየለቀቀ ስለሚያልቅ አንዳንዴ ከሥሩ ቀድሞ ይጠፋል። ሌላው ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ካለው ዩጂኖል ጋር ይለወሳል። ይህኛው ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው።

ስለዚህ የታከመ ጥርስ አለቀለት ብላችሁ አትተዉት። ክዳኑ ከተሰበረ፣ ድዱ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ፣ ልጁ ካተኮሰው ሳታሳድሩ ለማዳም ንገሩ። ኖራም ሆነ የቅርንፉድ ዘይት በራሳችሁ አታድርጉለት፤ አፉን ያቃጥለዋል።