ቅድስና በያቭነ አውቶቡስ ላይ

ያቭነ ውስጥ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ከፊተኞቹ ወንበሮች አካባቢ አንዲት አጭር የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያያል። ሽበት ላለው ሰው ተነሥቶ ወንበር መልቀቅ ይገባል የምትል ናት። በእስራኤል አውቶቡሶች የተለመደች ስለሆነች ብዙ ወጣት የመሥሪያ ቤት ማሳሰቢያ ትመስለዋለች። ምንጯ ግን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 32 ነው። ከጎንደር ለመጡት ወላጆቻችን ጽሑፉ ባይለጠፍም ችግር አልነበረውም። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ብሎ መነሣት በልጅነት የሚለመድ ነገር ነበርና።

ይህ ምዕራፍ የሚጀምረው በቅድስና ጥሪ ነው። እግዚአብሔር ቅዱስ ስለሆነ ሕዝቡም ቅዱስ እንዲሆን ሙሴ ይናገራል። ትእዛዙ የተሰጠው ለካህናት ለብቻቸው ሳይሆን ለጉባኤው ሁሉ ነው። እረኛውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ አንጥረኛውም አሉበት።

ቅዱስ የሚለው ቃል ዕብራይስጡ «ካዶሽ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የተለየ ማለት ነው። ታዲያ መለየቱ ከምንድን ነው? የምዕራፉን 37 ቁጥሮች ያነበበ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል። ሰንበትና ጣዖት፣ እስከ ሦስተኛው ቀን የቆየ የመሥዋዕት ሥጋ፣ በአንድ እርሻ ሁለት ዓይነት ዘር፣ ንቅሳት፣ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ሐሜት፣ በልብ የተያዘ ቂም ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቀዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ትምህርቱ ያለው ድብልቁ ውስጥ ነው። መሠዊያውና የገበያው ሚዛን ለየብቻ አልተቀመጡም።

ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ መለየትን በአካላቸው ኖረውታል። መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር፤ ከባዕድ ጋር የተነካካ ሰው ታጥቦ ነበር የሚገባው። ጎረቤቶቻቸው በዚህ የተነሣ «አትንኩኝ» አሏቸው። የወር አበባዋ የመጣ ሴት ወደ መርገም ጎጆ ትወጣ ነበር። የወለደችም ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ሳይሞላት ወደ ቤቷ አትመለስም ነበር። ይህን ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው አለ፤ እኔ አልስማማም። ቅድስናን በውሃና በደጃፍ ያስተማረ ሥርዓት ቢያንስ አንድም ልጅ አይረሳውም።

ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣው ሕዝብ ያቭነ፣ ገደራና ቂርያት ማላኪ ፎቅ ላይ ሰፈረ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ አይሠራም፤ ወንዙም ርቋል። «ቅድስናችን እዚያው ቀረ» የሚል ቅሬታ ከሽማግሌዎች አፍ የሚጠፋ አይደለም።

ሥርዓቱ ሲቀር ቅድስናም ይቀራል ወይ? ያቭነ ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊትም ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ሲያፈርሱ፣ በረባን ዮሐናን ቤን ዘካይ የሚመሩ ሊቃውንት የተሰበሰቡት እዚህ ነው። መሥዋዕቱ ቀረ፤ ካህኑ ሥራ ፈታ። አይሁድ እንደሚተርኩት፣ ደቀ መዝሙሩ ረቢ ዮሹዓ ፍርስራሹን አይቶ የኃጢአታችን ማስተሰረያ ጠፋ ብሎ ሲያዝን፣ መምህሩ ለሰው የሚደረግ ቸርነት ከመሥዋዕቱ እኩል ያስተሰርያል ብለው አጽናኑት። ቤተ እስራኤል ይህን አልሰሙም ነበር፤ ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ መሥዋዕቱንም ለዘመናት ይዘው ቆዩ። አሁን የልጅ ልጆቻቸው ጥያቄው በተመለሰበት ከተማ ይኖራሉ።

ቸርነት ሲባል ግን ምዕራፉ የሚያወራው ስለ ለስላሳ ስሜት አይደለም። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው እጅ እንዳያድር ያዝዛል። የዕብራይስጡ ግስ ልክ እንደ እኛው «ማሳደር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የእስራኤል የደመወዝ ጥበቃ ሕግም ይህንኑ ቃል ወስዶ የደመወዝ መዘግየትን «ሀላናት ሳካር» ይለዋል። የወር ደመወዝ ወሩ ካለቀ እስከ 9ኛው ቀን ካልተከፈለ «አድሯል» ማለት ነው፤ ካሣም ሊያስከትል ይችላል። በቀብላን (በሥራ ተቋራጭ) በኩል ጽዳትና ጥበቃ የሚሠራ ወገናችን ይህን ቃል የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በክርክር ነው። ቃሉ የተነሣው ግን ከሌዋውያን ነው፤ ደመወዝ ያሳደረ አሠሪ ሰንበትን ከሻረ ሰው ጋር በአንድ ምዕራፍ ተጽፏል።

በዕውር ፊት እንቅፋት ማኖር የሚከለክለውም ትእዛዝ እንዲሁ ነው። ሊቃውንቱ ዕውር የሚለውን ነገሩን የማያውቅ ሰው ሁሉ ብለው ተረጎሙት፤ እንቅፋቱም ለራስ ጥቅም የተሰጠ ጠማማ ምክር ነው አሉ። ዕብራይስጥ የማያነቡ አያት ከቢቱዋህ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን) የመጣ ደብዳቤ ይዘው የጎረቤት ልጅ ሲጠሩ፣ ወይም ደላላ ባቀረበው ውል ላይ ሲፈርሙ፣ ትእዛዙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቁጥር 34 ደግሞ መጻተኛውን እንደ ራስ ስለ መውደድ ያዝዛል። ስለ ባልንጀራ በቁጥር 18 የተነገረው ነው የተደገመው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ቂርያት ማላኪ ውስጥ ሰልፍ ተወጣ፤ ምክንያቱም የአንዳንድ ሕንጻ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና መሰማቱ ነው። የተገፉት መጻተኛ እንኳ አልነበሩም፤ ዜጎችና የአንድ እምነት ወገኖች ነበሩ። ቁጣው ተገቢ ነበር።

ይሁንና ያን ዕለት ሰልፍ ከወጣው መካከል ስንቱ ቤቱ ሲመለስ «ባርያ» የሚለውን ቃል ትቶት ይሆን? በቤተ እስራኤል ዘንድ «ጨዋ» እና «ባርያ» የሚለው ልዩነት ባሕር ተሻግሮ መጥቷል፤ ጋብቻ ሲመጣም ብቅ ይላል። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ መልካም ሥርዓት ነው። አንዳንዴ ግን ያው ቆጠራ የሙሽራይቱ ቅድመ አያት የማን ቤት አገልጋይ እንደነበረች መጠየቂያ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ልጆቹም ሌላ ክፍል ሆነው ይሰማሉ።