ያውቁ ኖሯል? ሹራብ የሚበላው ሳሙና!

የበግ ሱፍና የራስ ፀጉርዎ ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው! ስሙ ኬራቲን ይባላል። ጥፍርዎም ከዚያው ወገን ነው! ስለዚህ የሱፍ ሳሙና ቤት ውስጥ ካጡ ለስላሳ የፀጉር ሻምፖ ሥራውን ይሠራልዎታል!

ብዙ የልብስ ሳሙናዎች ውስጥ ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም እንዳለ ያውቁ ኖሯል? የደም፣ የእንቁላልና የወተት እድፍ የሚለቀው በእርሱ ነው። ታዲያ እድፉም ፕሮቲን፣ ሹራቡም ፕሮቲን! ኢንዛይሙ የትኛው እድፍ፣ የትኛው ልብስ እንደሆነ አይለይም! በአንድ እጥበት ምንም ላይታይዎት ይችላል። እየተደጋገመ ሲሄድ ግን ሱፉ ይሳሳል፣ ይበሳሳል። እርስዎ ብልን ይረግማሉ!

ለነገሩ የሚበረው ብል ሹራብ አይበላም! አፉ ለመብላት አልተሠራም! በልቶ የሚጨርሰው እጩ ነው።

ኢንዛይሙ ወደ ልብስ ሳሙና የገባው ከየት ይመስልዎታል? ከእንስሳት ቆሽት! ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮም እ.ኤ.አ. በ1913 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል!

በረኪናስ? ነጭ ሱፍ በረኪና ውስጥ ቢዘፈዝፉ አይነጣም፤ ይሟሟል! መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቆይቶ ሳፋው ውስጥ ልብስ የሚባል ነገር አይቀርም!

ሹራብ የሚያጥረው በሙቅ ውሃ ብቻ አይደለም! እያንዳንዱ የሱፍ ፀጉር እንደ ዓሣ በቅርፊት የተሸፈነ ነው። ሙቅ ውሃና አልካሊ የበዛበት ሳሙና ቅርፊቱን ይከፍቱታል። በላዩ ላይ ማሸት ሲጨመርበት ፀጉሩ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። ከዚያ በኋላ የሚፈታው የለም! የአባት ሹራብ ለልጅ ልክ የሚሆነው እንዲህ ነው! የሞንጎሊያ ዘላኖች ግን ሆን ብለው ያቆላልፉትና ቤታቸውን ያለብሱበታል!

የጥንት ሮማውያን የሱፍ ልብሳቸውን በከረመ ሽንት ያጥቡ ነበር! አጣቢዎቹ ገንዳ ውስጥ ቆመው በእግራቸው ይረግጡታል። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ደግሞ በሽንት ላይ ቀረጥ ጣለ! የዛሬ ሳሙና ዋጋ ተወደደ የሚሉ ይህን ይስሙ!

በግ የራሱን ሳሙና ተሸክሞ እንደሚዞር ያውቁ ኖሯል? የደረቀ ላቡ ፖታሲየም አለበት። ያልታጠበ ሱፍ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ላቡ ራሱ እድፉን ያስለቅቃል! አብሮት ያለው ቅባት፣ ላኖሊን፣ የከንፈር ቅባት ይሠራበታል። ቫይታሚን ዲም ይሠራበታል!

ገላዎን የሚታጠቡበት ላክስ የገላ ሳሙና ሆኖ አልተወለደም! ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንግሊዝ አገር ገበያ የወጣው ለሱፍና ለስስ ልብስ ማጠቢያ እንዲሆን በቅንጣቢ ነበር!

የእኛው እንዶድ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል! እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ወንዝ ዳር አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል! ከበላይ ያሉት ግን ደህና ናቸው! ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ናቸው። ልብስ ማጠቢያው የበሽታ መከላከያ ሆኖ ተገኘ!

ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፣ ሱፍ ሲርስ ይደክማል! እርጥብ ሹራብ ገመድ ላይ ከሰቀሉት በራሱ ክብደት ይረዝማል። አይጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት፣ ከዚያ አጋድመው ያስጡት!

ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል! ሽታም ቶሎ አይይዝም። ብዙ ጊዜ ነፋስ ላይ ማንጠፍ ይበቃዋል፤ ማጠቡ የግድ አይደለም!

ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ የእቃውን ጀርባ ያንብቡ! «ፕሮቲዬዝ» ወይም «ኢንዛይም» የሚል ካዩ፣ ለአንሶላ ያድርጉት። ለመንዝ በርኖስዎም ሆነ ለሹራብዎ «ለሱፍና ለሐር» የሚለውን ፈሳሽ ሳሙና ያንሱ!